ሸሚዝ በተራ

ብሩክ፣ ናሆም፣ ያሬድ፤ ስማቸውን ያወቅሁት ከታርኔት ወደ ከተማ በሚወስደው ባቡር ላይ ሲጠራሩ ነው። አዋጥተው ስለገዙት አንድ ሸሚዝ ሲነጋገሩ፣ ቆጣቢ ወጣት ስለምወድ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ናሆም፣ ሦስት ርካሽ ሸሚዝ ከመግዛት አንድ ጥሩ የእንግሊዝ ጥጥ ይሻላል ብለህ አስዋጣኸን» አለ ብሩክ። «ሐሙስ የሥራ ኢንተርቪው አለኝ፤ የምለብሰው እኔ ነኝ።»

«የእኔም ሐሙስ ነው፣ በዚያው ሰዓት» አለ ናሆም። « ያንተ በቪዲዮ ስለሆነ ኮሌታው ይበቃሃል።»

«ቆርጬ ልውሰደው? ያሬድ፣ አንተስ ዛሬ ለምን ለበስከው?»

«ተራዬ ነው» አለ ያሬድ።

«ወጥ እንዳታስነካው።»

«አስነክቼዋለሁ።»

ናሆም በረጅሙ ተነፈሰ። «በቃ፣ ከተማ ስንወርድ ሁለት እንጨምር።»

«እያንዳንዱን በመቶ ሃያ ዶላር?» አለ ብሩክ።

«ጥሩ ጥጥ ነዋ።»

የራሴን ኮሌታ እየዳበስሁ ከፊተኛው ጋር የሦስቱን ሸሚዞች ዋጋ በልቤ ደመርሁት፤ ሦስት መቶ ስልሳ ዶላር።