ሰባቱ ፍሪጆች የመሰከሩት

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ በዚያ ቀን ወደ አጎቷ ፍሪጅ መጠገኛ ቤት ጎራ አትልም ነበር። ስትገባ አጎቷ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ በስልኩ እየጻፈ ነበር።

"ለማን ነው እንዲህ ተቆጥተው የሚጽፉት ጋሼ?" አለች ፀጉሯን እያራገፈች።

"መድረካችን ላይ ነዋ ልጄ። አንድ ምቀኛ ስለ ኩባንያችን ትርፍ ጥያቄ አንሥቶ ልክ እያስገባሁት ነው።"

መድረኩ የአንድ ፍሪጅ አምራች ኩባንያ ባለአክሲዮኖች በኢንተርኔት የሚወያዩበት ገጽ ነው። ውይይት መባሉ እንኳ ለይሉኝታ ነው፤ ሲሞጋገሱ ውለው ሲሞጋገሱ ያመሻሉ፣ ጠያቂ ብቅ ሲል ተጋግዘው ያባርሩታል። ፍሪጅ ጠጋኙን እዚያ "ኢንጂነሩ" ይሉታል። በሠላሳ ዓመት ሥራው ማንም ያልሰጠው ማዕረግ ስለሆነ ከአክሲዮኑ ይልቅ እሱ ይጥመው ነበር።

ልጅቱ ስልኩን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

"ኢንጂነሩ እርስዎ ነዎት?"

"ታዲያስ!"

"ትናንት አንዲት ሴት በስንብት ገንዘቤ አክሲዮኑን ልግዛ ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ 'ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ፣ እኔ በሙያው አውቀዋለሁ' ያሏት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። ምነው?"

"ሴትየዋ እናቴ ናት፤ መልስዎን ማታ አሳይታኛለች። ነገ ጠዋት ልትገዛ ነው።"

ጠጋኙ እህቱ በሌላ ስም እዚያ እንዳለች አያውቅም ነበር። ቢሆንም ወዲያው እጅ አልሰጠም። "ትግዛ እንጂ! እኔም የገዛሁት ነው፤ ምኑ ላይ አጠፋሁ?"

ልጅቱ ዙሪያዋን ቃኘች። አሥር ፍሪጆች ተደርድረዋል፤ ሰባቱ አንድ ዓይነት ምልክት አላቸው።

"እነዚህ ሰባቱ የማን ሥራ ናቸው?"

"የኩባንያችን።"

"ምን ሆነው መጡ?"

"ሞተራቸው እየተቃጠለ። ሁለት ዓመት የሞላው እንኳ የለም።" ምን እንደተናገረ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

"ይህን መድረኩ ላይ ጽፈው ያውቃሉ?"

"ምን በወጣኝ! የራሴን አክሲዮን በገዛ እጄ ላዋርድ? ክህደት አይሆንም?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ የሰው ደም ስመረምር የማን እንደሆነ አልጠይቅም። የእናቴ ቢሆን ውጤቱን አሳምሬ ብጽፍላት በሽታው ይለቃታል?"

"ያ ጤና ነው፣ ይሄ ንግድ ነው። አታደባልቂው።"

"እንግዲያው የእርስዎን ሥራ እንውሰድ። ያ ግድግዳው ላይ ያለው የጋዝ መለኪያ፣ ደንበኛውን ሲወዱት ሌላ ቁጥር ያሳያል?"

ጠጋኙ መለኪያውን አየ። በዚያ መለኪያ ለባለሥልጣንም ለጎረቤትም ዋሽቶ አያውቅም፤ ኩራቱም እሱ ነበር። ሰው በእጁ ሥራ ሐቀኛ ሆኖ ሳለ ባለቤት በሆነበት ነገር ላይ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። ሌላውንም አብሮ ማስጨፈኑ ነው የከፋው። ይህን ሲረዳ አፈረ፤ እፍረቱም ወዲያው ወደ ንዴት ዞረ።

"እንግዲያውስ ኩባንያው ሌባ ነው ብዬ እጽፋለሁ!"

"እሱም ያው ነው ጋሼ። ትናንት ፍቅር ጻፈልዎ፣ ዛሬ ንዴት ሊጽፍልዎ ነው። ደህና የሚሠራ ፍሪጅ እርስዎ ጋ አይመጣም፤ ስለዚህ ሰባቱ ሁሉንም አይወክሉም። ያዩትን ይጻፉ፣ ያላዩትንም አላየሁም ይበሉ። ሲሳሳቱ ሰው ያርምዎታል፤ ልክ ከሆኑም አንድ ቤተሰብ ከጥፋት ይተርፋል። መድረክ የሚጠቅመው ያኔ ነው።"

ብዙ ሰርዞ እንዲህ ጻፈ፦ "የዚህ ኩባንያ አክሲዮን አለኝ፤ ቢወደድ እጠቀማለሁ። ትናንት ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ ያልኩት ስህተት ነበር። ጥገና ቤቴ ካሉት አሥር ፍሪጆች ሰባቱ የኩባንያው ናቸው፤ ሞተራቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተቃጥሏል። ያልተበላሸ እኔ ጋ ስለማይመጣ ስንቱ ደህና እንደሆነ አላውቅም። ኩባንያው በዋስትና የተመለሱትን ብዛት ያሳውቀን። ጥቂት ከሆኑ ሐሳቤን እቀይራለሁ።"

ስድቡ ወዲያው ወረደበት። ከሃዲ አሉት፤ ስንት ተከፈለህ አሉት። የመድረኩ አስተባባሪም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካላጠፋኸው ትባረራለህ አለው። በዚያ መድረክ ካጣው ክብር ሌላ፣ የአክሲዮኑ ዋጋም ሊወርድበት እንደሚችል ያውቃል።

"አላጠፋም" ብሎ መለሰ። "ውሸት ከሆነ ቁጥር አምጡና አሳፍሩኝ። ስድብ ሞተር አይጠግንም።"

በቀሩት ደቂቃዎች አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የእሱም ቤት ፍሪጅ እንደተቃጠለ ጻፈ። ሌላው ደግሞ የእኔ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ደህና ነው አለ። ጠጋኙ ሁለቱንም አመሰገነ። መድረኩ ላይ ሰዎች ሳይሰዳደቡ ሲነጋገሩ ሲያይ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

ከዚያ የእህቱ መልእክት መጣ። "ኢንጂነር፣ ቁጥሩ እስኪታወቅ የነገውን ግዢ ትቼዋለሁ። የማላውቅህ ሰው እንዲህ ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ።"

ሊባረር አንድ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ልጅቱ ትከሻው ላይ እጇን አድርጋ ሲጽፍ ታየዋለች።

"ኢንጂነር አይደለሁም፣ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። የማታውቂኝም አይደለሁም፤ ወንድምሽ ነኝ።"

ላከውና መባረሩን ሳይጠብቅ ስልኩን ዘግቶ፣ ወደ ሥራው ሊመለስ መለኪያውን ከግድግዳው አወረደ።