የጎደለ ሰው በቅሎ ይጠብቃል

(በአንድ ማረሚያ ቤት ግቢ፣ ረፋድ፤ ዛሬ በአመክሮ የሚፈታው የጂኦግራፊ መምህር ይትባረክ እና ገና አሥራ ሦስት ዓመት የሚቀረው ገበሬ ደርብ በግንቡ ጥላ ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው አንድ ደብተር እና ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የተጻፈባቸውን ቆርኪዎች የያዘች ከረጢት አለች።)

ደርብ፦ ደወሉን አይንኩብኝ ብያለሁ፣ መምህር! ሌላውን እንደ ፈለጉ ያሳንሱት።

ይትባረክ፦ አስተውል እንጂ፣ ደርብ። በተረት ጨዋታችን እኔ ስተርክ እናንተ ስትጓዙ አራት ነበራችሁ፤ ደወሉም ለአራት ሰው ትከሻ የተሠራ ነው። ዛሬ ተጓዡ አንተ ብቻ ነህ። አንድ ሰው የደብር ደወል ተሸክሞ ገደል አይወጣም። ስለዚህ በቃጭል ለወጥኩት።

ደርብ፦ በቃጭል! አራት ዓመት ሙሉ ትከሻችን የተላጠው ለቃጭል ኖሯል?

ይትባረክ፦ ትከሻህ የተላጠው በወሬ ነው። ከዚህ ሰሌን ተነሥተህ የትም አልሄድክም።

ደርብ፦ በወሬ የተላጠም ያማል። ቡሽራን አያስታውሱም? «የቤተ ክርስቲያን ደወል ተሸክሜ ሼሁ አባቴ ቢያዩኝ» እያለ እየሳቀ ነበር የሚሸከመው።

ይትባረክ፦ አስታውሳለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሦስቱ ሰዎች ተፈትተው ሄዱ፤ ሎሚው ቀረ። እኔም ሎሚውን ቀነስኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ደርብ፦ ያን ደወል እኔ ለምን እንደምሸከመው ያውቃሉ።

ይትባረክ፦ አውቃለሁ።

ደርብ፦ የመጀመሪያው ቀን ለምን እንደምንጓዝ አንድ በአንድ ጠየቁን። ቡሽራ አገር ለማየት አለ። አጥናፉ ከሚስቱ ጭቅጭቅ ለማምለጥ አለ። ኩምሳ ጀግና ለመባል አለ። እኔ ደግሞ «የእኔ ሰውዬ ሰው ገድሏል፤ ደወሉ የተሰነጠቀበት ደብር ያለው በሟች እናት መንደር ነው፤ አዲስ ደወል ይዞላት ሄዶ እግሯ ላይ ይወድቃል» አልኩ።

ይትባረክ፦ ስለ ማን እንደምትናገር ገብቶን ነበር።

ደርብ፦ እና ለዚያች ሴት ቃጭል ይዤ ልሂድ?

ይትባረክ፦ እሺ፤ ደወሉን ለጊዜው እንተወው። ጠላቶቹን ስማኝ። በጠባቡ በር የሚያደቡት አሥራ ሁለቱ ሽፍቶች ሦስት ሆነዋል።

ደርብ፦ ዘጠኙስ? በአመክሮ ተፈቱ?

ይትባረክ፦ አትቀልድ። ብቻህን አሥራ ሁለት ሰው ብትገጥም በመጀመሪያው ዕጣ ትሞታለህ። ደግሞም ብቻህን አልሰደድኩህም። ውሻ ሰጥቼሃለሁ።

ደርብ፦ ውሻ?

ይትባረክ፦ ትልቅ ውሻ። ስትተኛ ይጠብቅሃል፤ ዱካ ያሸትልሃል። ስም ግን አላወጣሁለትም፤ አንተ አውጣለት።

ደርብ፦ «እሑድ» እለዋለሁ።

ይትባረክ፦ ምን ዓይነት የውሻ ስም ነው?

ደርብ፦ ከዚህ የሚወጣ ሰው ሁሉ «እሑድ እሑድ እመጣለሁ» ይለኛል። እንግዲህ አንድ እሑድ እንኳ አብሮኝ ይዋል።

ይትባረክ፦ እኔ እመጣለሁ።

ደርብ፦ ቡሽራም ብሎ ነበር። አንድ እሑድ ሙዝ ይዞ መጣ። ኩምሳ ሁለት ጊዜ መጣ፤ በሁለተኛው ልጁን ይዞ። አጥናፉ አገሩ ሩቅ ነው። አልተቀየምኳቸውም፣ መምህር። ሰው ከእስር የሚወጣው ተመልሶ እስር ቤት ሊመላለስ ነው? ቤትዎ ይዋሉ።

ይትባረክ፦ እንዲህ እንደምትል ስለማውቅ ነው ያለ እኔም እንዲሠራ አድርጌ የጻፍኩት። የመፈቻዬ ወሬ ከመጣ ዛሬ ሃያ አንድ ቀኑ ነው፤ አንድም ቀን ብዕር አላስቀመጥኩም። ተመልከት፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ቁጥር አለው። ቆርኪ ታወጣለህ። ከአሥር በላይ ከሆነ ያሰብከው ተሳካ፤ ወደዚህኛው ቁጥር ትሄዳለህ። አሥርና ከዚያ በታች ከሆነ ወደዚያኛው።

ደርብ፦ ደብተሩ «አሁን ምን ታደርጋለህ፣ ደርብ?» ብሎ ይጠይቀኛል?

ይትባረክ፦ ይጠይቅሃል። በየገጹ ግርጌ ጽፌዋለሁ።

ደርብ፦ ስመልስስ ማን ይሰማኛል?

ይትባረክ፦ ከግርጌው ባዶ ቦታ ትቼልሃለሁ፤ እዚያ ጻፈው።

ደርብ፦ ይሁን፣ ይሁን። ላስጨንቅዎ ብዬ አይደለም። ሦስቱ ጓደኞቻችንስ በደብተሩ ውስጥ የት አሉ?

ይትባረክ፦ እንደ ሕጋችን ነዋ። የጎደለ ሰው በቅሎ ይጠብቃል። ከወንዙ ወዲህ፣ ከምንጩ ዳር ባለው መስክ፣ ከዋርካው ሥር በቅሎዎቻችንን እየጠበቁ ናቸው።

ደርብ፦ ጅብ እንዳያስመጡባቸው።

ይትባረክ፦ ጅብም፣ ሽፍታም፣ ረኃብም አይደርስባቸውም። በሌለ ሰው ላይ ዕጣ አይወጣም። ኩምሳ ታሞ የቀረ ዕለት በተረቱ ያለውን የእሱን ሰውዬ ጎርፍ ሊወስደው ሲል «ሳይኖር አይሞትም!» ብለህ ይህን ሕግ ያወጣኸው አንተው ነህ።

ደርብ፦ ለሰው አወጣሁት። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ በቅሎ ጠብቄ አላውቅም። የት ሄጄ እጎድላለሁ?

ይትባረክ፦ ደርብ…

ደርብ፦ ይስሙኝ፣ መምህር። ትናንት ልብስዎን ሲያጥቡ ደብተሩን አንብቤዋለሁ።

ይትባረክ፦ ሳላስረክብህ?

ደርብ፦ ማንበብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። አንዳንዱን ፊደል እየተንገዳገድኩ ቢሆንም ጨረስኩት። ከአንቀጽ አንድ እስከ መቶ አርባ ድረስ ሁሉም ቦታ ዕጣ አለ። ወንዝ ስሻገር ቆርኪ፣ ገደል ስወጣ ቆርኪ፣ ከአንዲት ባልቴት ውኃ ስለምን እንኳ ቆርኪ። መቶ አርባ አንድ ላይ ግን ቆርኪ የለም። ከሟች እናት ደጅ እደርሳለሁ፤ ሴትዮዋም «ተነሣ፣ ልጄ፤ ምሬሃለሁ» ትለኛለች። እንዲያው በባዶ!

ይትባረክ፦ መጨረሻው ነው። መጨረሻ ላይ ዕጣ አያስፈልግም ብዬ ነው።

ደርብ፦ እርስዎ ዕጣ የማያስወጡን መልሱን አስቀድመው ሲያውቁት ብቻ ነው። አራት ዓመት ፊት ለፊትዎ ተቀምጫለሁ። ምን ሰምተዋል?

ይትባረክ፦ ምንም።

ደርብ፦ ዛሬ ይወጣሉ። ዋሽተውኝ አይውጡ።

ይትባረክ፦ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ወደ እውነተኛዋ እናት። ሁለት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቷ ሄዱ። በመኪና የገደልኩት ሰውዬ ቤተሰቦች ለእኔ የእርቅ ወረቀት ሲፈርሙልኝ፣ ያንተስ ለምን አይሆንም አልኩ። ወረቀቱ ቢገኝ ይቅርታ ማመልከት ትችል ነበር።

ደርብ፦ ሳይነግሩኝ?

ይትባረክ፦ ተስፋ አድርገህ እንዳትሰበር።

ደርብ፦ መልሱ መቼ መጣ?

ይትባረክ፦ የእኔ መፈቻ በተሰማበት ዕለት።

ደርብ፦ ሃያ አንድ ቀን። ምን አለች? ቃሏን ይንገሩኝ፤ እንዳያሳምሩት።

ይትባረክ፦ «ልጄ ከሄደበት ሲመለስ ያን ጊዜ ኑ» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ቆማ ሸኘቻቸው።

ደርብ፦ … እውነቷን ነው።

ይትባረክ፦ ሐዘኗ ገና ነው። ምናልባት ከጊዜ በኋላ…

ደርብ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ መምህር። እኔም ረስቼ አይደለም። ጎረቤታችን ነበረች። ልጅ ሳለሁ እሱን ልጠራ ደጇ ስሄድ ለሁለታችንም ቆሎ ትዘግንልን ነበር፤ ለእኔ አስበልጣ፣ እንግዳ ነው ብላ። ያን ልጅ ነው በአንድ ተራ የመስኖ ውኃ ተጣልቼ በዱላ የመታሁት። ተራዬ እስኪደርስ መታገሥ አቅቶኝ።

ይትባረክ፦ አንድ ነገር ልንገርህ። ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ። አልቅሶ የለመነኝ ነበር፤ ወላጁን ይዞ የመጣ ነበር፤ ለወደቀ ተማሪ ግማሽ ማርክ ጨምሬ አላውቅም። በዕድሜዬ የጨመርኩት መቶ አርባ አንደኛው አንቀጽ ላይ ብቻ ነው። በዚያ የተነፈግኸውን በዚህ ልስጥህ ብዬ።

ደርብ፦ የእሷን ይቅርታ እርስዎ ከየት አምጥተው ይሰጡኛል?

ይትባረክ፦ ልክ ነህ።

ደርብ፦ ክፉ አላሰቡም። ይቅደዱት ግን።

ይትባረክ፦ ዕጣ ልጨምርበት? ከአሥር በላይ ከሆነ ትምርሃለች፤ ካልሆነ…

ደርብ፦ የእሷ ልብ በቆርኪ አይወጣም። ይቅደዱት።

ይትባረክ፦ እሺ። … ይኸው፤ ቀደድኩት።

ደርብ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሰሙ? በረኛው ስምዎን እየጠራ ነው።

ይትባረክ፦ ይጥራ። አሥራ ሦስት ዓመት ነው፣ ደርብ! መጨረሻ የሌለው ታሪክ ይዘህ አሥራ ሦስት ዓመት እንዴት ትገፋለህ?

ደርብ፦ ቦርሳዎን ይያዙ። ሁለተኛ ጊዜ ጠራዎት።

ይትባረክ፦ መልስልኝ! ቆይ፤ እንደ ወትሮው ልጠይቅህ። ወንዙ ከፊትህ ነው። ደወሉ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከማዶ የእናትየው መንደር ይታያል። አሁን ምን ታደርጋለህ፣ ደርብ?

ደርብ፦ አልሻገርም። እሷ «ኑ» ሳትል ደጇ አልሄድም።

ይትባረክ፦ ደወሉስ?

ደርብ፦ ዋርካው ላይ ይሰቀላል። እስክትልክብኝ እዚያው ይቆያል።

ይትባረክ፦ ብቻህን እንዴት ታነሣዋለህ? ከዚህ የተነሣ አይደል ቃጭል ያደረግኩት?

ደርብ፦ ደብተሩን ይዘውት ይሂዱ፣ መምህር። ውሻውንም ለልጅዎ ይስጡት። ቆርኪዎቹን ግን ይተዉልኝ፤ እስር ቤት አዲስ ገቢ አያጣም፤ አንድ ቀን አንዱን «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ብዬ እጠይቀው ይሆናል።

ይትባረክ፦ የጠየቅኩህን መልስ። ደወሉን ማን ያነሣልሃል?

ደርብ፦ ብዕርዎን ያውጡና በመጨረሻው መስመር ላይ ይጻፉልኝ። ዛሬ ደርብ ጎድሏል፤ ከበቅሎዎቹ ጋር ነው። እዚያ አራት ነን።