በሕፃኑ ጆሮ ስለተባለው አዛን

የምስክር ቃል
ስም፦ አቶ ሐምዱ ሙሐመድሳኒ
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ ጨውና ጨርቅ ነጋዴ
አድራሻ፦ ደጀን ከተማ፣ ገበያው አጠገብ
ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 1962 ዓ.ም.

የተጠራሁት የክሊኒኩ ዘበኛ አቶ እንዳላማው «ሐምዱ ገብቶ ሕፃኑ ላይ ድግምት ደገመበት» ብሎ ስለከሰሰኝ ነው። አልደገምሁም።

ጥቅምት 11 ቀን ከቀትር በኋላ ሱቄ ተቀምጬ ሳለሁ የክሊኒኩ ድሬሰር አቶ አስማማው እየሮጠ መጣ። ወደ መካ የምትጓዝ የሩቅ አገር ሴት የጭነት መኪና ላይ ወልዳ ክሊኒክ መግባቷን፣ ደሟ አልቆም ማለቱን፣ ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው መጥፋቱን ነገረኝ። ቁርኣን የምቀራበት እንጂ የማወራበት ዐረብኛ የለኝም ብዬ ብነግረውም፣ «እናንተ እስላሞች መቼም አትጠፋፉም» ብሎ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ።

ስደርስ ሴትዮዋ ግድግዳ ተጠግታ ሕፃኑን ልብሷ ውስጥ ደብቃለች። ነርሷ ወይዘሪት ሥራነሽ የደም ማቆሚያ መርፌ ይዛ ልጁን ልትቀበላት በቀረበች ቁጥር ሴትዮዋ ትናከሳለች። የክሊኒኩ ሰዎች «አብዳለች፣ እንሰራት» ይላሉ። ከሥሯ ያለው ደም መሬቱን አርሶታል። ባሏን መንገድ ላይ መቅበሯን ያመጣት የጭነት መኪና ሾፌር ተናግሯል።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አልኋት። ሰላምታውን ሙሉ አድርጋ መለሰችልኝ። ደስ ብሎኝ በዐረብኛም በአማርኛም ሞከርሁ፤ እሷም በራሷ ቋንቋ ብዙ ተናገረች፤ ወላሂ አንዲት ቃል አልያዝሁም። ያኔ ሕፃኑን አወጣችና ቀኝ ጆሮውን ወደ አፌ አስጠጋች።

በእኛ ሥርዓት ልጅ ሲወለድ ከሰው ወሬ በፊት አዛን፣ የሶላት ጥሪው፣ በጆሮው ይባልለታል። የሚለው አባት ነው፤ አባት ከሌለ ሌላ ወንድ። ለካ ይህ ሳይፈጸም ልጄን አልሰጥም ብላ ነው እየሞተች የታገለችው!

በዝግታ ጀመርሁ፤ መሐል ላይ ግን ድምፄ ከፍ ብሎ አመለጠኝ። ዘበኛው ድግምት ያለው ይህንን ነው። እሷም ከንፈሯን ከእኔ ጋር ታንቀሳቅስ ነበር። ስጨርስ ልጁን ራሷ እቅፌ ላይ አኖረች፤ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ለሥራነሽ ዘረጋች። አስማማው አማተበ። አዛንን ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ግን ያን ቀን ነው።

ደሙ ሳይመሽ ቆመ። አሁን እናትና ልጅ እኔ ቤት ናቸው፤ አራሷን ባለቤቴ ኡሙልኸይር ትጠብቃታለች። መርማሪው «መርፌውን መፍቀዷን በምን አወቁ? አስተርጓሚዋ እርስዎ ነበሩ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔ አንዲት ቃል አላስተረጎምሁም። ቃሏን መቀበል ከፈለጋችሁ ቤቴ ናት፤ አስተርጓሚ ግን ይዛችሁ ኑ።

ይህ የተጻፈው ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ ባየሁትና ባደረግሁት ላይ ያልተጨመረበት፣ ያልተቀነሰበት ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሐምዱ ሙሐመድሳኒ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ አስር አለቃ ውበቱ ዓባይ