የልጄ ሄልሜት

እዚህ ሱዳን፣ ካላክላ ሰፈር ላሉ ደንበኞቼ እንቁላል የማደርሰው በብስክሌት ነው። ልጄ አልማዝ «አባባ፣ አንድ ቀን መኪና ይገጭዎታል» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከርማ ሄልሜት ገዛችልኝ። ገለባ ጎዝጉዤ አሥራ ሁለት እንቁላል ደረደርኩበትና በጨርቅ አፍኜ መሪው ላይ አሰርኩት። በሦስተኛው ቀን ሚኒባስ ከኋላ ገጨኝና አስፋልቱ ላይ ተዘረጋሁ። ሱዳናዊው ሾፌር እየሮጠ መጥቶ መጀመሪያ የሚደማውን ግንባሬን፣ ቀጥሎ ሄልሜቱን አየ።

«ያ ሐጅ፣ አባቴ፣ ይሄንን ጭንቅላትህ ላይ ብታደርገው ምን ነበረበት?»

«እንቁላሉስ?» አልኩት።

ጨርቁን ፈታን። አንድም አልተሰበረም። የኔ ግንባር ግን አራት ቦታ ተሰፋ። አልማዝ ሐኪም ቤት መጥታ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ በማግስቱ ሌላ ሄልሜት ይዛ መጣች።

«ይሄኛው ለራስዎ ነው» አለችኝ።

እሺ ብዬ አደረግሁት። እንቁላል የበዛ ዕለት ግን አወልቀዋለሁ።