ዝናብ የገሠጸው ነቢይ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው አንድ ነቢይ ነኝ ባይ ቴፒ፣ አባቴ ግቢ ቆሞ፣ «ዝናቡን ገሥጬዋለሁ፤ ከተሰጣው ቡና ላይ ሸራውን አንሡ!» ያለ ቀን ነው። «አባዬ፣ ይሄ ቴፒ ነው፤ ይዘንባል» አልኩ። አባቴ «ዩኒቨርሲቲ እምነትህን በላው» ብሎኝ ሸራውን ገፈፈው። ዘነበ፤ ቡናው ሻገተ። ነቢዩ ግን አላፈረም፤ «ዝናቡን የጠራው የልጅህ ጥርጣሬ ነው» አለ። አባቴ ከቤት አስወጣኝ፤ እስከ ዛሬ አያናግረኝም።

ባለፈው ሳምንት ሰውዬውን ሚዛን ከተማ፣ መናኸሪያው ውስጥ ጃንጥላ ዘርግቶ አገኘሁት። «ምነው፣ ይሄኛውን ዝናብ ሳትገሥጸው?» አልኩት። «ወንድሜ፣ ወደ ጌታ ተመለስ» አለኝ። «ከእሱ መቼ ወጣሁ? ቤት ሳጣ ያረፍኩት እሱ ላይ ነው፤ ሲያዘንብም አንተን አያስፈቅድም። ያልከው አልሆነም። ታዲያ የዋሸው ማን ነው? ለእኔ ሳይሆን አባቴ ፊት ቆመህ መልስ!»