ጠንካራው ሞላ

በደርግ ጊዜ ነው። ከሹም አቦ ወደ ገበያ በምትሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሁለት የመኪና ሞላ እግራቸው ሥር አስቀምጠው ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ይህን ብረት ወዴት ይወስዱታል?»

«ወደ ጋራዥ። የልጄ የውድድር መኪና ሞላ ነው።»

«ተሰብሮ ነው?»

«የለም። መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል ብሎ ራሱ ያስገባው ጠንካራ ሞላ ነው። ከጦር ሜዳ ወገቡን ተመትቶ ሲመጣ፣ እንዳይንጠው ብዬ አስወጣሁትና ለስላሳ አስገባሁለት። እሑድ እሑድ እየነዳሁ ጣና ዳር አደርሰዋለሁ።»

«ደግ አደረጉ።»

«እኔም መስሎኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ‹አባቴ፣ የድሮውን ይመልሱልኝ› አለኝ።»

«ምነው፣ አያመውም?»

«ያመዋል እንጂ! ‹እግሬ እንደሆነ ምንም አይሰማውም። በጠንካራው ግን መንገዱ ጀርባዬን ሲመታኝ መኪናዬ ውስጥ መሆኔን አውቃለሁ› አለ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«‹እሺ› አልሁት። ያዘንሁለት መስሎኝ መኪናውን ነጥቄው ኖሯል። ዛሬ አስገብቼለት ቀስ ብዬ እነዳለታለሁ።»

እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ ታክሲዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ንዝረቱ እንዲሰማኝ እግሬን ወለሉ ላይ አጥብቄ ረገጥሁ።