የተክሉ ሁለተኛ አባት

ሰው ሁለት አባት ሲኖረው ያየሁት እዚህ ሳውዲ፣ ራካ ሰፈር ነው። ጎረቤቴ ተክሉ ሾፌር ነው። ወታደሩ አባቱ የሞቱት ሳይወለድ ስለሆነ መልካቸውን በፎቶ እንኳ አያውቅም። አገር ቤት የድሮ ጦር ሠራዊት መዝገቦች ኢንተርኔት ላይ መውጣታቸውን፣ ልጅ መታወቂያውን ከላከ የአባቱ ፋይል እንደሚፈለግለት ነገርኩት። ከሳምንት በኋላ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«አባቴ ተገኙ! እስቲ እይ፣ አፍንጫቸው ቁርጥ የኔ!»

ፎቶው ላይ ሪዛም ወታደር ቆመዋል። ከሥር ያለውን አነበብኩ፤ አሥር አለቃ ሰይድ አህመድ ይላል።

«ተክሉ፣ የላክኸው የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ኢቃማህን ነው?»

«ታዲያ ሌላ ምን መታወቂያ አለኝ?»

«ኢቃማህ ላይ ከማል ሰይድ አህመድ ያለህ እኮ ወደዚህ ያመጣህ ደላላ ነው። አባትህ ገብሬ አይደሉም እንዴ?»

አፍንጫውን ዳበሰ። «አፍንጫውስ?»

«አፍንጫ ማስረጃ አይሆንም» አልኩት።

በእውነተኛው ስሙ እንደገና ጻፍንና መልስ መጠበቅ ጀመርን። በሌላ ቀን ክፍሉ ስገባ አሥር አለቃው ታትመው ከአልጋው በላይ ተሰቅለዋል።

«የሰይድን ነገር ኸላስ፣ አበቃ አላልንም?»

«የኔው እስኪመጡ ዘብ ይቁሙልኝ» አለኝ።